ገዝቶ መጠቀም ወይስ ሠርቶ ማወቅ? የጂ.ፒ.ኤስ. ተቀባይ ጉዳይ ከጊኒር ሰማይ ሥር

አንድ ተማሪ በጊኒር ከተማ መሐል ቆሞ የእጅ ስልኩን ቢከፍት፣ ብዙ ሳይቆይ ኬክሮስ 7 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን፣ ኬንትሮስ 40 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ምሥራቅ ወይም ለዚህ የተጠጋ ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እስከ ስድስት የነጥብ ቤት ዘልቆ ይጻፋል። ስድስተኛው የነጥብ ቤት በመሬት ላይ ሲተረጎም 11 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስልኩ ግን ያለበትን ቦታ በ11 ሳንቲሜትር ልክ አያውቅም። ይሁን እንጂ ተማሪው ያምነዋል፤ የመሬት ልኬት ሠራተኛው ያምነዋል፤ ወሰኑ የሚለካለት ገበሬም ከማመን በቀር ሌላ አማራጭ የለውም። ለመሆኑ ይህን ቁጥር የተናገረው ማን ነው? በምን ስሌት? በምን ያህል እርግጠኝነት?

ይህ ጥያቄ በሳይንስ ፋኩልቲዎቻችን ውስጥ ሲነሣ ሁለት ወገኖች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «መሣሪያው በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ተቀባይ ለመሥራት መድከም ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የራሳችንን ካልሠራን ዘላለም ተጠቃሚ ብቻ ሆነን እንቀራለን» ይላል። እኛ ሁለቱም ወገኖች የእውነት ግማሽ ይዘዋል ብለን እናምናለን። ለሥራ የሚያስፈልገን መሣሪያ ተሠርቶ ያለቀለት የገበያ መሣሪያ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የሳይንስ ፋኩልቲ ቢያንስ አንድ ተቀባይ በራሱ ተማሪዎች እጅ ሊሠራ ይገባዋል። የሚሠራውም የገበያውን መሣሪያ ለመተካት አይደለም፤ የገበያው መሣሪያ የሚነግረንን ቁጥር ለመመርመር የሚያስችል ዕውቀት ለማግኘት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን አቋማችንን ከነምክንያቱ እናቀርባለን።

ሰማዩ የሚለን ምንድን ነው?

በቅድሚያ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር ገጽ 20,200 ኪሎሜትር ያህል ርቀው፣ በ11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ አንድ ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት የአቶም ሰዓት ተሸክሟል፤ በ1575.42 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽም ያለማቋረጥ ይናገራል። የሚናገረው 1023 አሐዞች ያሉት፣ በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚደጋገም፣ የእያንዳንዱ ሳተላይት መለያ የሆነ ኮድ ነው። በኮዱ ላይ ተደርቦ ደግሞ ሳተላይቱ በምሕዋሩ የት እንዳለና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ መልእክት በዝግታ፣ በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ፣ ይተላለፋል።

ተቀባዩ የየሳተላይቱን ኮድ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ የራሱን ቅጂ ያመነጭና ከሰማይ ከመጣው ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደፊትና ወደኋላ ያንሸራትተዋል። የተንሸራተተበት መጠን ምልክቱ በጉዞ ያጠፋውን ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜው በብርሃን ፍጥነት ሲባዛ ርቀት ይሆናል። እዚህ ላይ የአንድ ማይክሮሴኮንድ ስህተት በመሬት ላይ የ300 ሜትር ስህተት ነው። የተቀባዩ ሰዓት ርካሽ ስለሆነ ልዩነቱ ራሱ አይታወቅም። በመሆኑም የማይታወቁት ብዛታቸው አራት ነው፤ ሦስቱ የመገኛ ቁጥሮች ናቸው፣ አራተኛው የሰዓቱ ስህተት ነው። አራት ሳተላይቶች የግድ የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ አራት እኩልታ ለአራት ያልታወቁ መጠኖች መሆኑን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የምልክቱ ደካማነት ነው። መሬት ላይ የሚደርሰው ኃይል ከዋት በ10,000 ትሪሊዮን እጥፍ ያነሰ ነው፤ ተቀባዩ ራሱ በሙቀቱ ከሚፈጥረው ጫጫታ እንኳ ወደ መቶ ጊዜ ገደማ ያንሳል። ታዲያ እንዴት ይሰማል? በገበያ ቀን ጫጫታ መካከል ሕፃን የእናቱን ድምፅ እንደሚለይ፣ ተቀባዩም አስቀድሞ የሚያውቀውን ኮድ ስለሚፈልግ ነው። በማባዛትና በመደመር ጫጫታው እርስ በርሱ ሲጣፋ፣ የሚታወቀው ኮድ ግን እየተጠራቀመ ጎልቶ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ ላይ የአንስታይን ትምህርት ይታከላል። በፍጥነታቸው ምክንያት የሳተላይቶቹ ሰዓቶች በቀን 7 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይዘገያሉ፤ የምድር ስበት በዚያ ከፍታ ስለሚላላ ደግሞ 45 ማይክሮሴኮንድ ያህል ይፈጥናሉ። የተጣራው ልዩነት በቀን 38 ማይክሮሴኮንድ ነው። ይህ ባይታረም ኖሮ የርቀቱ ስሌት በየቀኑ ከ11 ኪሎሜትር በላይ ይሳሳት ነበር። እንግዲህ በተማሪው ኪስ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሜካኒክስን፣ የሞገድ ትምህርትን፣ ስታትስቲክስንና የአንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ በአንድ ላይ የያዘ ቤተ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል።

የገበያው መሣሪያ የሚመሰገንበት

ፍትሐዊ ለመሆን የገበያውን መሣሪያ ጥቅም አስቀድመን እንመስክር። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 በኦሮሚያ ክልል በተካሄደ ጥናት፣ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና የዓለም ባንክ የእርሻ ማሳዎችን በሦስት መንገድ አነጻጽረው ነበር፤ በገበሬው ግምት፣ በኮምፓስና በገመድ፣ እንዲሁም በእጅ በሚያዝ ጂ.ፒ.ኤስ.። በውጤቱም የጂ.ፒ.ኤስ. ልኬት በአማካይ ከኮምፓስና ከገመድ ልኬት ጋር በጣም የተቀራረበ ሲሆን፣ የወሰደው ጊዜ ግን እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የገበሬው ግምት ግን ትንሹን ማሳ የማተለቅ፣ ትልቁን ደግሞ የማሳነስ ዝንባሌ ነበረው። ገመድ እየጎተተ ጭቃ ውስጥ ለሚውል ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዚህም የላቀ ጉዳይ አለ። የባሌ ደጋ ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ፣ በሶማሌ የምድር ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ ከሸለቆው በስተምዕራብ ያለው የአገራችን ክፍል ደግሞ በኑቢያ ሰሌዳ ላይ ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች በዓመት በ5 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ይህን ያወቅነው ለዓመታት በአንድ ቦታ ተተክለው የሞገዱን ዑደት ራሱን በሚቆጥሩ ውድና አስተማማኝ ተቀባዮች ነው። በአፋር በዳባሁ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2005 ምድር 60 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቃ፣ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 8 ሜትር ስትከፈት፣ ከራዳር ሳተላይቶች ጎን ለጎን ምስክር የሆኑት እነዚህ መሣሪያዎች ናቸው። በተማሪ እጅ የሚሠራ ተቀባይ ይህን ሥራ ይሠራል የሚል ካለ ተሳስቷል። ለእንዲህ ያለው ምርምር ገንዘብ ተገኝቶ ጥሩ መሣሪያ መገዛት አለበት።

ዝግ ሣጥኑ የማይነግረን

ይሁን እንጂ ያለቀለት መሣሪያ ዝግ ሣጥን ነው። ውጤቱን ይናገራል፤ ወደ ውጤቱ የደረሰበትን መንገድ ግን አይናገርም። በአገራችን ሁኔታ ይህ ዝምታ የሚያስከትላቸውን አራት ጉዳዮች እንጥቀስ።

የመጀመሪያው የካርታ መነሻ ጉዳይ ነው። በቀድሞው የካርታ ሥራ ኤጀንሲ የታተሙት የ1፡50,000 ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባል የመነሻ ሥርዓት ላይ የቆሙ ናቸው። ስሙ በሱዳንና በግብፅ ወሰን አካባቢ ከሚገኝ የቅየሳ ነጥብ የተወሰደ ነው፤ የምድርን ቅርጽ የሚገምተውም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1880 ባቀረበው መጠን ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በሚባል ሌላ ሥርዓት ይሠራል። ሁለቱ ስለ ምድር ወገብ ራዲየስ ያላቸው ግምት እንኳ በ112 ሜትር ይለያያል። በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በባሌ ኬክሮስ ላይ አንድ ነጥብ በሁለቱ ሥርዓቶች ሲጻፍ፣ በካርታው የሜትር ፍርግርግ ላይ ወደ 100 ሜትር በምሥራቅና ከ200 ሜትር በላይ በሰሜን አቅጣጫ ይለያያል። መሣሪያው በፋብሪካ እንደተስተካከለ ሆኖ ንባቡ በአሮጌው ካርታ ላይ የተተከለ እንደሆነ፣ የምንጭ ውኃው ከወንዙ ማዶ፣ የአንዱ ቀበሌ ትምህርት ቤት በሌላው ቀበሌ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ካርታውም አልዋሸም። ያልተጠየቀው ጥያቄ «ከየት ተነሥተህ ነው የምትቆጥረው?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው የሰማያችን ጉዳይ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። የአዲስ አበባ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር በተያያዘ መቋቋሙም ከዚህ ሥፍራ ልዩነት ጋር የተገናኘ ነው። በዚህ ወገብ ዙሪያ አዮኖስፌር፣ ማለትም በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት የከባቢ አየር ክፍል፣ ከሌላው ዓለም ይበልጥ ወፍራምና ያልተረጋጋ ነው። ሞገዱ በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ ይዘገያል። በካሬ ሜትር 10,000 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ባለበት በእያንዳንዱ የልኬት አሐድ መዘግየቱ 16 ሳንቲሜትር ነው፤ አሐዱ 100 በደረሰበት ቀን ደግሞ 16 ሜትር ይሆናል። ለሁሉም ሳተላይቶች የጋራ የሆነው ክፍል በሰዓቱ ስህተት ውስጥ ይዋጣል፤ የቀረው ግን መገኛውን፣ በተለይም ከፍታውን፣ ያዛባል። ሳተላይቶቹ የሚያሰራጩት የማስተካከያ ቀመር በአማካይ የስህተቱን ግማሽ ያህል ብቻ እንዲያነሣ ተደርጎ የተነደፈ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በተለይም በመስከረምና በመጋቢት ወራት፣ አዮኖስፌር እንደሚፈላ ውኃ አረፋ ሲያወጣ ምልክቱ ይርገበገባል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። በእጃችን ያለው መሣሪያ የተሠራው ለዓለም ገበያ እንጂ ለእኛ ሰማይ ተብሎ አይደለም።

ሦስተኛው የስፋት ልኬት ነው። ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ካሬ ማሳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ በአራት ማዕዘኖቹ ተለካ እንበል። በየማዕዘኑ፣ በየአቅጣጫው የ3 ሜትር ስህተት ቢኖርና ስህተቶቹ እርስ በርስ ባይገናኙ፣ የስፋቱ ስህተት ወደ 212 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከጠቅላላው 8.5 በመቶ ነው። ጎኑ 200 ሜትር ለሆነ የ4 ሄክታር የስንዴ ማሳ ግን ይኸው ስህተት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በተግባር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የተወሰዱ ንባቦች ስህተታቸውን ስለሚጋሩ ውጤቱ ከዚህ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን ለማወቅ ግን መለካት ያስፈልጋል። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ አንድ ዓይነት መሣሪያ ባለ ብዙ መሬቱን እምብዛም አይጎዳውም፣ ባለ ጥቂት መሬቱን ግን ይጎዳዋል። ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው ሠርተው እንዲያረጋግጡ እንጋብዛለን።

አራተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሳተላይቶቹ ሳምንታትን የሚቆጥሩት 10 ቢት ባለው ቁጥር ስለሆነ፣ ከ1024 ሳምንታት በኋላ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 እና በሚያዝያ 2019 እንዲህ ሆኗል፤ ቀጣዩ በ2038 ነው። በ2019 ለዚህ ያልተዘጋጁ አሮጌ ተቀባዮች ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ መልሰው መናገር ጀመሩ። መፍትሔው አንድ መስመር ስሌት ነው፤ በተመለሰው ቁጥር ላይ 1024 ሳምንት መደመር። ሣጥኑ ዝግ የሆነበት ባለንብረት ግን አምራቹን ከመለመን ወይም መሣሪያውን ከመጣል በቀር ማድረግ የሚችለው የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

«መሥራት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ጊዜ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ሲያቀርቡ «የጂ.ፒ.ኤስ. ተቀባይ ሠርተናል» ይላሉ። ሲመረመር ግን የሠሩት፣ ተሠርቶ የተገዛን አነስተኛ ሞጁል ከአርዱዊኖ ጋር በሽቦ አገናኝተው በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚወጣውን ጽሑፍ በስክሪን ላይ ማሳየት ነው። ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ የኤሌክትሮኒክስ ልምምድ ነው፤ ለከብት መከታተያ ወይም ለተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ይጠቅማል። ነገር ግን መገኛው የተሰላው በሞጁሉ ሆድ ውስጥ ነው፤ ዝግ ሣጥኑ አነሰ እንጂ አልተከፈተም።

በሌላኛው ጫፍ ሁሉንም ነገር ከባዶ መሥራት አለ፤ የሬዲዮ ክፍሉን፣ የቁጥር ማቀነባበሪያውን፣ ፕሮግራሙን። እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ስሎቬኒያዊው የኤሌክትሮኒክስ ምሁር ማትያዝ ቪድማር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የራሱን ተቀባይ ሠርቶ አሠራሩን ለአማተር ሬዲዮ ሰዎች አካፍሏል። እንግሊዛዊው አንድሪው ሆልም ደግሞ በ2010ሮቹ መጀመሪያ ላይ በቤቱ ሠርቶ፣ ንድፉን ለማንም በነፃ ክፍት አድርጎታል። የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም የዓመታት ሙያና የተሟላ የመለኪያ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ለእኛ የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን አይችልም።

እኛ የምንደግፈው መካከለኛውን መንገድ ነው። ይኸውም የሬዲዮውን ክፍል ገዝቶ፣ አእምሮውን ራስ መሥራት ነው። በመጀመሪያ ለቴሌቪዥን መቀበያ ተብለው የተሠሩ፣ በኮምፒውተር የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ የሚሰኩ አነስተኛ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ለማንኛውም ዓይነት የሬዲዮ ሙከራ እንደሚውሉ ታውቋል፤ የጂ.ፒ.ኤስ.ንም ድግግሞሽ ይቀበላሉ። ከእነርሱ ጋር የራሱ ማጉያ ያለው ትንሽ አንቴና ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሳተላይቱን መፈለግ፣ ምልክቱን መከተል፣ መልእክቱን ማንበብ፣ አራቱን እኩልታዎች መፍታት፣ ተማሪው በራሱ የሚጽፈው ፕሮግራም ነው። መንገዱም የተጠረገ ነው። የዴንማርኩ የአልቦርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ካይ ቦሬ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ሙሉውን ፕሮግራም ይዞ ወጥቷል። በባርሴሎና አቅራቢያ ባለ የምርምር ማዕከል የተጀመረው ጂ.ኤን.ኤስ.ኤስ.-ኤስ.ዲ.አር. የተባለው ሶፍትዌርም በነፃ ይገኛል። የምልክቱን አወቃቀር የሚገልጸው የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ተቀባይ ውጤት ከስልካችሁ ውጤት ያነሰ ትክክለኛነት ይኖረዋል። ቢሆንም እያንዳንዱ ስህተት ከየት እንደመጣ ማየት ይቻላል፤ ስልኩ የማይሰጠን ይህንን ነው።

መሥራት ለዕውቀት ምን እንደሚያደርግ ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1957 ስፑትኒክ ስትመጥቅ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ የነበሩት ሁለት ወጣቶች፣ ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ፣ ባገኙት ተቀባይ የ20 ሜጋኸርዝ ድምጿን ቀድተው የድግግሞሹን መለዋወጥ መመርመር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። በዶፕለር ለውጡ ብቻ የሳተላይቷን ምሕዋር አወቁ። በ1958 አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ጥያቄውን ገለበጠው፤ የተቀባዩ ቦታ ታውቆ ሳተላይቷ ከተገኘች፣ የሳተላይቷ ቦታ ቢታወቅ ተቀባዩ የት እንዳለ ሊገኝ አይችልምን? ከዚህ ጥያቄ ትራንዚት የተባለው የመጀመሪያው የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት ተወለደ። የተገለበጠው ጥያቄ የመጣው ጥሬ ምልክቱን በጆሯቸው ከሰሙ ሰዎች መካከል ነው።

ከሮቤ እስከ ጊኒር

ይህን ሁሉ ወደ ባሌ እንመልሰው። በሮቤ ከተማ የተተከለ ቋሚ የጂ.ፒ.ኤስ. ጣቢያ በአገራችን የአዮኖስፌር ጥናቶች ውስጥ ስሙ ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ያሰባሰበው መረጃ ለዓለም ተመራማሪዎች የደረሰ ሲሆን፣ በኢትዮጵያውያን የፊዚክስ ሊቃውንት ጽሑፎችም ውስጥ ሠርቷል። ነገር ግን በዚያው አካባቢ የሚማር ወጣት ከጣቢያው የሚወጣው ቁጥር ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ ጣቢያው ለእርሱ የታጠረ ምሰሶ ብቻ ነው።

እስቲ አንድ ሥራ እናቅድ። ከላይ የገለጽነው መሣሪያ በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ያህል ናሙናዎችን ይወስዳል፤ ይህም 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። የሳተላይቱ ዋና መልእክት በ30 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ስለሚጠናቀቅ፣ 40 ሴኮንድ መቅዳት ይበቃል። በድምሩ 160 ሜጋባይት! ይህ በማንኛውም ፍላሽ ዲስክ ይያዛል። እንግዲህ የጊኒር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው ጣሪያ ላይ አንቴና አኑረው፣ በአንድ ላፕቶፕ የ40 ሴኮንድ ሰማይ ይቀዳሉ። ቅጂውን በጎሮ በኩል ወደ ሮቤ በሚሄድ ሰው እጅ ይልኩታል። በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ፋይሉን ከፍተው በእነዚያ 40 ሴኮንዶች በጊኒር ሰማይ ላይ የትኞቹ ሳተላይቶች እንደነበሩ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደራቀ፣ ትምህርት ቤቱም የት እንደሚገኝ ያሰላሉ። ፈጣን ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ በቀዳበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ እንኳ የላፕቶፑ ባትሪ ይበቃል።

ከዚያ ጥያቄው ይጠልቃል። ያው አንቴና ከቦታው ሳይነቃነቅ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይቀዳ። አዮኖስፌር ከቀትር በኋላ ይወፍራል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይሳሳል። ያልተስተካከለው ውጤት በሦስቱ ሰዓቶች እንዴት እንደሚዋልል የሚያየው ተማሪ ስለ መግነጢሳዊ ወገብ በመጽሐፍ ካነበበው የበለጠ ይማራል። በተመሳሳይ ጊዜ አንዱ ተቀባይ በሮቤ፣ ሌላው በጊኒር ቢቀዱ ደግሞ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከ70 እስከ 80 ኪሎሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሰማይ ያያሉ። የሮቤው ቦታ አስቀድሞ በትክክል የታወቀ ከሆነ፣ በዚያ የታየው የርቀት ስህተት ከጊኒሩ ልኬት ይቀነሳል። የመሬት ቅየሳ ባለሙያዎች በውድ የሚገዙት የማስተካከያ አገልግሎት መሠረቱ ይኸው ነው።

አካባቢው ራሱ ደግሞ ሌሎች ትምህርቶችን ይሰጣል። የዌይብ ወንዝ በሚያልፍበት፣ ወደ 15 ኪሎሜትር በሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ከመግቢያው ጥቂት እንደተራመድን ምልክቱ ይጠፋል፤ ስልኩ ግን ለጥቂት ጊዜ የቀድሞውን ቦታ እያሳየ ሊቀጥል ይችላል። ከዋሻው አፍ የተቀዳውንና ጥቂት ሜትሮች ወደ ውስጥ የተቀዳውን ማነጻጸር ስለ ኖራ ድንጋይና ስለ ማይክሮዌቭ ሞገድ የሚያስተምረው ብዙ ነው።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ብዙ ችግር ያለባት አገር ለዚህ ጊዜ የላትም» የሚሉን ይኖራሉ። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ወንበርና ኬሚካል በሚያጥርበት ፋኩልቲ እያንዳንዱ ብር ይቆጠራል። ነገር ግን የጠየቅነው ለሬዲዮው ክፍልና ለአንቴናው ከአንድ መካከለኛ ስልክ ዋጋ የማይበልጥ ወጪ፣ በፋኩልቲው ያለ ኮምፒውተርና የአንድ የትምህርት መንፈቅ ትዕግሥት ነው። ይህን ያህል ወጪ የማይችል ፋኩልቲ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች ጥሬውን የሳተላይት ልኬት ማውጣት ስለሚቻል፣ በዚያ ሊጀምር ይችላል።

«መምህሩ ራሱ አልሠራውም» የሚል ተቃውሞም ይሰማል። መልሳችን ከተማሪው ጋር አብሮ መሥራት አያሳፍርም የሚል ነው። ፊዚክሱ የሁለተኛ ዓመት፣ ሒሳቡ የሊኒየር አልጄብራ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ከጥቂት ሺህ መስመር የማይበልጥ ነው። የሚጎድለው ሥራውን ከውጤት ጋር የሚያያይዝ የኮርስ መርሐ ግብር ብቻ ነው።

በመጨረሻም «ሕጋዊ ነውን?» የሚሉ አሉ። የምንሠራው መቀበያ ብቻ ስለሆነ ወደ ሰማይ የሚለቀው ነገር የለም። በዚህ ድግግሞሽ ላይ ማናቸውንም ሞገድ መልቀቅ ግን የአውሮፕላንና የሌሎችን አገልግሎት የሚያውክ ስለሆነ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም። መሣሪያ ከውጭ ሲመጣም ፋኩልቲው የሚያስፈልገውን ፈቃድ በስሙ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

ስለዚህ ለሳይንስ ፋኩልቲዎች ያለን ሐሳብ ግልጽ ነው። ለምርምርና ለአገልግሎት ጥሩ መሣሪያ ግዙ፤ ለማስተማር ግን አንዱን ሥሩ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም መልእክት አለን። የሚቀጥለውን ጊዜ ስልካችሁን ስትከፍቱ፣ ከሚታየው ቁጥር በስተጀርባ አራት ርቀቶች፣ አንድ የሰዓት ስህተትና ከራሳችሁ በላይ ያለ የማይረጋጋ ሰማይ እንዳለ አስቡ፤ ከዚያም ቁጥሩን ጠይቁት።

በደጋው ስንዴ አምራች አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ ነገ በወሰን ክርክር ቀርቦ «መሣሪያው እንዲህ ይላል» ቢባል፣ «መሣሪያው በስንት ሜትር ሊሳሳት ይችላል? ከየትኛው ካርታ ነው የተነሣው? በስንት ሰዓት ተለካ?» ብሎ የሚጠይቅለት አንድ ሰው በአካባቢው ሊኖር ይገባል። ያ ሰው ዛሬ በጊኒር ወይም በሮቤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እየተማረ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅለት ደግሞ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ከሰማይ የመጣውን ጥሬ ምልክት ቀድቶ፣ ከጫጫታው ለይቶ፣ ስህተቱን በሜትር የቆጠረ ሰው ነው።